የአራሚው የማክሰኞ መንገድ

መስከረም 12 ቀን

ይድረስ በዓይኔ ካየኋት ዘጠኝ ዓመት ለሞላት፣ በህልሜ ግን ሳትጠራ ለምትመጣው ለእህቴ ልጅ ለቅብጥብጤ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተሻል? ያንን ቤት የሚያህል አውቶቡስ የሚነዱትን እጆችሽን አምላክ ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኔ ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም፤ ደኅና ነኝ።

ስልኬን ደጋግመሽ ሳትሞክሪ እንዳልቀረሽ አውቃለሁ። ተበላሽቷል፤ ይቅር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ስህተት ሲያርም የኖረ ሰው በስልክ ማውራት አይሆንለትም። ከአፍ የወጣ ቃል አይሰረዝም፣ ዳር ላይ ምልክት አይደረግበትም። ደብዳቤ ይሻለናል።

ማክሰኞ ማክሰኞ አሁንም ንባብ ቤት እሄዳለሁ። ዓይናቸው የደከመ ዘጠኝ አዛውንቶች ክብ ሠርተው ይጠብቁኛል፤ እኔ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጬ የሳምንቱን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከመሀላቸው ያለችው ጡረተኛዋ አዋላጅ የሞት ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ካላነበብኩላት አትለቀኝም። «ማን እንደቀደመኝ ልወቅ» ትላለች።

መንገዱን መቼም አትረሺውም። ጠዋት ስወጣ ጭጋጉ ገና ከመሬት አልተነሣም። እስከ ጉልበቴ ነጭ ስለሆነ እግሬን አላየውም፤ እግሬ ግን መንገዱን ያውቀዋል። ከፀጉር አስተካካዩ ፊት ያለው ትልቁ ዛፍ ሥር ስደርስ ትንሽ አረፍ እላለሁ፤ ቅጠሉ ከላይ የሆነ ነገር ያወራል፣ አልሰማውም፣ ግን ደስ ይለኛል። ወፍጮ ቤቱ ጋ መሬቱ ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። ዱቄቱ በበሩ እየወጣ ከጭጋጉ ጋር ስለሚቀላቀል የቱ ዱቄት የቱ ጭጋግ እንደሆነ አይለይም። አንዳንዴ ነፍሷን ይማርና እናትሽ ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳ ከዚያ ስትወጣ አያታለሁ። «ወንድሜ፣ ረፈደብህ» ትለኛለች። ረፍዶብኝ ግን አያውቅም።

የመንገድ ጫማ እልካለሁ ያልሽውን ተይው። ይልቅ ሶሉ ለስለስ ያለ የቤት ጫማ ብታገኚልኝ እወዳለሁ። ቁጥሬ አርባ አንድ ነው፤ እንደ ዕድሜዬ አልጨመረም።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ መንገድሽን ያስፋው።

አጎትሽ


ጥቅምት 20 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ሰላምታዬ እጅ ነሥቶ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የግፊት መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ? እኔ ጤና ነኝ። እዚህ ብርዱ ጀምሯል።

የቤት ጫማውን ልኬያለሁ። ግን ጋሼ፣ በልጅነቴ አባባ እርስዎን «ይህ ሰውዬ ጫማ ይበላል» ይልዎት ነበር። በዓመት ሁለት ጫማ ይጨርስ የነበረ ሰው የቤት ጫማ ምን ሊያደርግለት ነው ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ ብቻ ነው፤ ክፉ አይበሉብኝ።

እዚህም ጭጋግ አለ። የጠዋቱን የመጀመሪያ ዙር የምነዳው እኔ ነኝ፤ መብራቶቹ ሁሉ ውሃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ። ኮረብታው ላይ ባለው ፌርማታ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገች አሮጊት ሁልጊዜ ትጠብቀኛለች። ስትገባ በሁለት እጇ ብረቱን ትይዛለች፣ ደህና አደርሽ ትለኛለች፣ ከዚያ እስክትቀመጥ ድረስ አልንቀሳቀስም። ተቆጣጣሪያችን በዚህ ጠምዶኛል፤ «በየቀኑ እዚያች ፌርማታ ላይ ግማሽ ደቂቃ ትበያለሽ» ይለኛል። ቆማ ሳለች ብነዳ ትወድቃለች። አንዴ ከወደቀች ደግሞ ነገ አትመጣም። ይህንን በሰው ቋንቋ ለማስረዳት ስንት ቃል እንደሚያስፈልግ ቢያዩ ያርሙልኝ ነበር።

አሁን ሦስት ሳምንት ሆናት፣ የለችም። እኔ ግን ልማድ ሆኖብኝ እቆማለሁ፣ በሩን እከፍታለሁ። ማንም አይገባም፤ ጭጋጉ ብቻ ይገባና ወንበሮቹ ላይ ይቀመጣል። ዘግቼ እሄዳለሁ።

ስለ ጉልበትዎ እውነቱን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 18 ቀን

ለውድ ቅብጥብጤ፤

የብርዱን ነገር ሰምቻለሁ፤ ሰማይ ካባውን ያልብስሽ። መልሴ ዘገየ፤ ፖስታ ቤት ወረፋው ብዙ ነው።

የቤት ጫማው ደርሷል። ድምፅ የለውም። ቤት ውስጥ ስሄድ ሌላ ሰው ያለ እየመሰለኝ ዞር እላለሁ፤ እኔው ነኝ። ጉልበቴን ጠይቀሽኛል፤ ጉልበቴ ከእኔ ጋር ነው፣ የት ይሄዳል።

ያለፈው ማክሰኞ ልንገርሽ። ጋዜጣውን ጀመርኩላቸው። ገጽ አንድን ጨርሼ ቀና ስል ዘጠኙም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ እስከ ወንበሮቹ መደገፊያ ሞልቷል፤ አዋላጇ በብርሃኑ ውስጥ በቀስታ ትወዛወዛለች። ድምፄ ከእኔ የሚወጣ አልመሰለኝም፤ ከግድግዳው፣ ከጣሪያው ይመጣል። ያላነበብኩትንም ዜና ሰሙ። ማንም አልሞተም የሚል ማስታወቂያ አነበብኩላት፤ ሁለቴ አነበብኩላት። ስንጨርስ ሁላችንም ተያይዘን በወፍጮ ቤቱ በኩል ወረድን፤ ትከሻችን ላይ ዱቄት ነበር።

አሮጊትሽ ልጆቿ ጋ ሄዳ ይሆናል። አትዘኚ።

ለመስኮት አጠገብ ወንበር የሚሆን ትራስ ብታገኚ ላኪልኝ። ወፈር ያለ ይሁን።

አጎትሽ


ጥር 9 ቀን

ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ሰላምታዬን አላስረዝምም፤ ተቆጥቻለሁ፤ ከቁጣዬም ይልቅ ፈርቻለሁ።

ባለፈው እሑድ አብራኝ የተማረች ልጅ ከዚያ መጥታ አገኘችኝ። የሠፈራችንን ፎቶ አሳየችኝ። ጋሼ፣ ወፍጮ ቤቱ የለም። ባለፈው ሐምሌ ፈርሶ ቦታው ሰፊ መንገድ ሆኗል። ትልቁ ዛፍ ተቆርጧል፤ ፀጉር አስተካካዩም ተነሥቷል። እርስዎ በየማክሰኞው የሚሄዱት በየትኛው ወፍጮ ቤት በኩል ነው? የእናቴ ቅንድብ ላይ ያለውስ የየት ዱቄት ነው?

አላዋርድዎትም፤ ውሸታም ብዬዎትም አላውቅም። ግን አንድ ቃል ተዘልሎ ሲታተም «ይህ ዓረፍተ ነገር ያነክሳል» የሚሉ ሰው ነዎት። እኔም ደብዳቤዎ ሲያነክስ ሰማሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ባለ ሰማያዊ ኮፍያዋ አልሞተችም። አንድ ተሳፋሪ ነገረኝ። ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ነበር፤ አሁን ድናለች፣ እግሯ ይሄዳል፣ ግን አትወጣም። መስኮቷ ላይ ሆና አውቶቡሴ ሲያልፍ ታየዋለች አሉኝ። ይህን ስሰማ እርስዎ በዓይኔ መጡብኝ። ትራሱን አልልክም።

ልጅዎ


ጥር 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጃለሁ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ በእኔ ደግሞ ነጋብኝ። ንባብ ቤት ከሄድኩ ስምንት ወር ሊሆነኝ ነው። በሰኔ አንድ ማክሰኞ እንደ ልማዴ ከጠዋት ጀምሮ ሻይም ውሃም በአፌ ሳላዞር ወጣሁ። ወፍጮ ቤቱን እንዳለፍኩ በሞተር ብስክሌት የመጡ ሁለት ሰዎች ቦርሳዬን ነጠቁኝ። ስልኬ፣ መነጽሬ፣ የግፊት መድኃኒቴ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔም ሞኙ ቦርሳውን አልለቅም ብዬ ጎተቱኝና ወደቅሁ። ጋዜጣው ተበትኖ መንገዱን ሞላው። ሰዎች ሮጠው መጥተው አነሡኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። ሲያነሡኝ ሌላም ነገር ነበር፤ እሱ ይቅር።

ጉልበቴ በወሩ ዳነ። መነጽርም በሰው አስገዛሁ። ከዚያ ግን በሩ ጋ እደርሳለሁ፣ እጄን ቁልፉ ላይ አደርጋለሁ፣ እመለሳለሁ። አዋላጇ ሰው ልካ «መጥቼ ክንድህን ይዤህ እሄዳለሁ፣ ሌባ ከእኔ ጋር አይጣላም» ብላኝ ነበር። እንቢ አልኩ። የላከችውንም ሰው በሩን ሳልከፍት መለስኩት።

ስለዚህ መስኮቴ ላይ ተቀመጥኩ። ውሸት ብለሽ እንዳታዝኚብኝ እንጂ፣ እኔ አልዋሸሁሽም፤ እሄድ ነበር። ማክሰኞ ሲሆን ወንበሬ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ከደጄ ተነሥቼ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ እያንዳንዱን ደጃፍ እያየሁ። ወፍጮ ቤቱ መፍረሱን ከአንቺ ነው የሰማሁት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን እዚያ ስደርስ መንገዱ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ መሄድ አቅቶኛል። እሱንም ወሰድሽብኝ፤ አልቀየምኩሽም።

አንድ ሌላ ነገር። የንባብ ቤቱ ኃላፊ ጽፎልኛል። ጨዋ ሰው ነው፣ ስምንት ወር ጠበቀ። እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተመለስኩ ወንበሬ ላይ ራዲዮ ሊያስቀምጥ ነው። ራዲዮ! «ይድገሙልኝ» ሲሉት የማይደግም፣ የተሳሳተ ቃል ሲያነብ የማያፍር!  በዚህ ዓለም ላይ ሰው የሚጠብቀኝ ቦታ ያ ወንበር ብቻ ነው፤ ከሄደ እኔ የመስኮት ዕቃ ነኝ።

አጎትሽ


የካቲት 22 ቀን

ለጋሼ፣ ለክብር ሰው፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ዲፖው ውስጥ ባዶ አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ሥራ ገባሁ። አሁን ደግሞ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልንገርዎ። ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባሌም።

በሁለተኛው ዓመቴ ድልድይ ላይ አደጋ ደርሶ መንገድ ተዘጋ። አንድ ሰዓት ከሩብ ቆምን። ከኋላዬ አርባ ሰው አለ። ሽንቴን ያዝኩ፣ ያዝኩ፣ አልቻልኩም። ወንበሬ ላይ ሆነብኝ። መንገዱ ሲከፈት ምን አደረግሁ ይመስልዎታል? ሰባት ፌርማታ ነዳሁ። በር ከፈትኩ፣ በር ዘጋሁ፣ ደህና ዋሉ አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ያን ቀን ገባኝ። ግን ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ሥራ የምገባው ውሃ ሳልጠጣ ነበር።

ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፉ የማያዞር ሰው ሾፌር ነው፣ ወይም የሾፌር ችግር አለበት። ሌላ አልልም። ዶክተር ዘንድ ሄደው ይህንኑ ይንገሩት፤ መድኃኒት አለው፤ በእርስዎ ዕድሜ ከሦስት ወንድ አንዱ ይህን ተሸክሞ ነው የሚዞረው፣ የሚለየው ማን ዝም እንዳለ ብቻ ነው። አኃዙ ከራሴ ነው፣ አያርሙኝ፤ የማውቀውን ከአውቶቡስ መስታወት ነው የማየው።

እኛ ሾፌሮች ከተማን የምናውቀው በመንገድ ስም እንዳይመስልዎት። በመጸዳጃው ነው። የቱ ካፌ ያስገባል፣ የቱ ነዳጅ ማደያ ቁልፉን ይደብቃል፤ በዚህ ነው ካርታ የምንሠራው። መጸዳጃ ባለበት ሰው አለ፣ ሰው ያለበት ቦታ ደግሞ ሌባ አይደፍርም። ለሁለቱም አንድ ካርታ ይበቃል። ስለዚህ ከቤትዎ እስከ ንባብ ቤት ያለውን ሠርቼልዎታለሁ፤ ከዚህ ጋር ነው። ከማስታወሰውና ልጅቷ ካሳየችኝ ፎቶ ነው የሳልኩት። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቱ፣ ከጀርባው በስተግራ መጸዳጃ አለ፤ ከዚያ ክሊኒኩ፣ ምድር ቤት፤ ከዚያ ዳቦ ቤቱ፣ ባለቤቱ ያውቁዎታል፤ ከዚያ አዲሱን መንገድ መሻገር፤ ከዚያ ንባብ ቤቱ፣ ከደረጃው በታች። አንዱ ከአንዱ ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም፤ በእርስዎ እርምጃ ገምቼ ነው።

የወፍጮ ቤቱን ቦታ ባዶ ትቼዋለሁ። ምን እንዳለ አላውቅም።

ልጅዎ


መጋቢት 19 ቀን

ለውድ ቅብጥብጤ፤

እጆችሽ ይባረኩ፤ ዓይኖችሽ ግን ይመርመሩ። የላክሽው ካርታ በስህተት የተሞላ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ፣ ቤት ውስጥ ማንም ሳይኖር። በነጋታው ካርታሽን ደግሜ ሳየው «የመድኃኒት ቤቱ መጸዳጃ በስተግራ» የሚለው ከነከነኝ። በስተቀኝ ነው እንዴ? ፖስተኛዋን ጠየቅኋት። «እኔ በስተቀኝ ይመስለኛል» አለች። ይመስለኛል! በይመስለኛል ማተሚያ ቤት የገባ ገጽ አይቼ አላውቅም። ዐይኔ እያየ ስህተት ሲያልፍ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቀይ እርሳሴን ይዤ ወጣሁ።

በስተቀኝ ነው። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ያለው ፋርማሲስት ቁልፉን ሰጠኝና ስለ ሌላውም ነገር ጠየቀኝ፤ ሳላስበው ነገርኩት። ክሊኒክ ላከኝ። ክሊኒኩ ደግሞ ካንቺ ምድር ቤት ወጥቶ አንደኛ ፎቅ ገብቷል። ሐኪሟ የልጅ ልጄን የምታክል ናት፤ እሷ ሳታፍር እኔ ማፈሬ ገረመኝ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው አለችኝ። ዳቦ ቤቱ ጎሚስታ ሆኗል። ጎሚስታው ግን መጸዳጃ አለው፣ ከዳቦ ቤቱም ያስቃል። የወፍጮ ቤቱ ቦታ ላይ ምንም የለም፤ ሰማይ ነው። እዚያ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። መንገዱ በጣም ሰፊ ነው፤ መኪና ሳይኖር ሲቀር ውሃ የተኛበት ሜዳ ይመስላል። ካርታሽ ላይ «ባዶ፣ ግን ብርሃን አለው» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ማክሰኞ በዚህ አለቀ፤ ንባብ ቤት አልደረስኩም። ስመለስ ግን ውሃ ጠጣሁ፤ ሁለት ብርጭቆ።

ሁለተኛው ማክሰኞ ትናንት ነው።

ሁሉንም በካርታው ሄድኩ። ሞተር ብስክሌት ሲያልፍ ወደ ግድግዳው እጠጋለሁ፣ ግን ጎሚስታው ከሩቅ እጁን አነሣልኝ፣ ፋርማሲስቱም በር ላይ ቆሞ ነበር። ንባብ ቤቱ ደረጃ ሥር ስደርስ ከላይ ድምፃቸውን ሰማሁ። ከዘጠኝ ወር በላይ ያልሰማሁት ሳል፣ የወንበር መጎተት። ያኔ ነው። ደስታው ይሁን ድንጋጤው እንጃ፣ ከደረጃው በታች ወዳለው መጸዳጃ ለመድረስ ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ አልቻልኩም። በሱሪዬ ላይ ሆነ።

ቆምኩ። ወደ ኋላ ብመለስ ያ መንገድ ዳግመኛ እንደማይከፈትልኝ አወቅሁ። አንቺ ሰባት ፌርማታ መንዳትሽን አሰብኩ፤ የእኔ አሥራ አራት ደረጃ ነው። ወጣሁ።

ዘጠኝ አልነበሩም፤ አምስት ናቸው። የቀሩት አራቱ እንደኔው ቤታቸው ናቸው አሉኝ። ወንበሬ አለ፣ ራዲዮ የለበትም። ካፖርቴን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩና ጋዜጣውን ገለጥኩ።  ገጽ አንድን ጨረስኩ፣ ገጽ ሁለትን ጀመርኩ። ሽታው ለእኔ ደረሰኝ፤ ዓይናቸው ነው እንጂ የደከመው አፍንጫቸው ደህና እንደሆነ ትዝ አለኝ። መሀል መስመር ላይ ቃሉ ጠፋኝ፤ ጋዜጣውን ጭኔ ላይ አወረድኩት።  ተነሥቼ መሄድ ፈለግሁ፣ መነሣቱን ደግሞ ፈራሁ። አልደብቅሽም፤ እንባዬ መጣ።

አዋላጇ ወንበሯን እየጎተተች አጠገቤ መጣች። እጇን በዳበሳ ጉልበቴ ላይ አደረገች፣ ያወቀችውን ሁሉ አወቀች፣ እጇን አላነሣችም።

«አንተ አራሚ» አለችኝ፣ ሁሉም እየሰማ፤ «አርባ ዓመት ሳዋልድ ወደዚህ ዓለም ደርቆ የመጣ ሰው አላየሁም። እዚህ ካለነውም የደረቀ ካለ እጁን ያውጣ!»

ማንም እጁን አላወጣም። ከጥግ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ ሳይደርቅ።

«በል አንብብ» አለችኝ፤ «ገጽ ሁለት ላይ ነበርን።»

አነበብኩላቸው።

አጎትሽ